ደፉን ያላለፈ

[ናሽቪል። የዘፈን አሳታሚ ቤቶች ከተደረደሩበት ጎዳና፣ በአንደኛው ቤት ውስጥ ያለች ጠባብ የመጻፊያ ክፍል። ያረጀ ሶፋ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት ጊታር፣ የተከፈተ የዶናት ካርቶን። ግድግዳው ላይ አንድ ሸክላ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ቨርነን ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፈው ዘፈን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሰቀለ የለም። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ቨርነን ሶፋው ላይ ተንጋሏል። ከኬንተኪ ተራሮች የመጣው ዶይል፣ አርባን ያለፈ ዘገምተኛ ሰው፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በሩ ክፍት ነው።]

ቨርነን፦ አይገባም አልኩህ አይገባም! የቧንቧ ሠራተኛ ስም እኔ ዘፈን ላይ አይገባም!

ዶይል፦ ግን እኮ ሚስተር ቨርነን፣ መስመሩን ያለው ጃርቪስ ነው።

ቨርነን፦ ጃርቪስ ያወራው ስለ ቧንቧ ነው!

ዶይል፦ [ከደብተሩ እያነበበ] «ቧንቧውን ዝም አሰኝቼዋለሁ፤ አሁን የሚያንጠባጥበው ሌላ ነው።» እኛ ሚስቱ ጥላው ስለሄደችበት ሰውዬ ዘፈን ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንታገል ጠብ ያለልን ነገር የለም። እሱ ይቺን ብሎ መፍቻውን ይዞ ሄደ። እኔ አለቀስኩ።

ቨርነን፦ አንተ የጎማ ማስታወቂያ ሲነበብም ታለቅሳለህ።

ዶይል፦ የከተማው ልማድስ? «ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ እኩል ስም አለው» አይደል? አንድ ቃል ብቻም ይበል፣ ዶናትም ሲበላ ይዋል።

ቨርነን፦ ክፍሉ ውስጥ! ውስጥ! ጃርቪስ የት ነበር የቆመው?

ዶይል፦ በር ላይ።

ቨርነን፦ ጫማውስ?

ዶይል፦ [በጣም አስቦ] ቡኒ ነው።

ቨርነን፦ ቀለሙን ማን ጠየቀህ! የት ነበር ጫማው?

ዶይል፦ አሃ... ከደፉ ወዲያ። ኮሪደሩ ላይ።

ቨርነን፦ አበቃ! ደፉን ያላለፈ ስም የለውም። ሠላሳ ዓመት በዚህ ጎዳና የኖርኩበት ሕግ ነው። ያለዚያ ነገ ፖስተኛውም፣ መስኮት ጠራጊውም ደራሲ ነኝ ይለናል።

ዶይል፦ እሺ፣ ጠርተነው ገብቶ ቢደግመውስ?

ቨርነን፦ ሁለተኛ የተባለ ቃል የገደል ማሚቶ ነው። ማሚቶ ደግሞ ስም የለውም። ጻፈው፣ ይጠቅምሃል።

ዶይል፦ [እየጻፈ] «ማሚቶ... ደግሞ... ስም... የለውም።»

ቨርነን፦ እግዜር ያሳይህ! ይሄ ሰውዬ ሳስነጥስም ይጽፋል።

ዶይል፦ ማስነጠሱ ስድስተኛው ዘፈን ላይ ገብቷል።

ቨርነን፦ ምን?

ዶይል፦ ምንም። [ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል] ሚስተር ቨርነን፣ አንድ ነገር እንዲፈርሙልኝ ነበር።

ቨርነን፦ ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ላስተምርህ። ዛሬ ጠዋት ፀጉሬን ስስተካከል ሬዲዮ ላይ አንድ ዘፈን መጣ። መላጫው ጆሮዬ ሥር ስለሚጮህ ግጥሙን አልያዝኩትም። ዜማውን ግን... [ያንጎራጉራል] ሰማህ? ድምፁ ደግሞ! ዘመን የጠገበ እንጨት። ሻካራ፣ ግን እውነተኛ። ዘፋኝ ማለት እሱ ነው! አንተ እንዲህ ያለ ነገር ስማና ተማር።

ዶይል፦ [ጆሮው እየቀላ] ያቺን ዜማ እኮ እኔ...

ቨርነን፦ አውቃለሁ፣ አንተ መቶ ዓመት ብትኖርም አታወጣትም። አትዘን፣ ሁሉም የየራሱ ስጦታ አለው። ያንተ ገና አልተገኘም እንጂ። እሺ፣ ወረቀቱ የምንድነው?

ዶይል፦ ዓመቱን ሙሉ እዚህ የጻፍናቸው አስራ ሁለት ዘፈኖች ናቸው። ግራ በኩል የፈረመ «አብሬ ጽፌያለሁ» ማለቱ ነው። ቀኝ በኩል የፈረመ «የለሁበትም» ማለቱ ነው። እባክዎ ግራውን ይፈርሙ።

ቨርነን፦ አስራ ሁለት ዘፈን? መቼ ጻፍን?

ዶይል፦ እርስዎ ሶፋው ላይ ሳሉ።

ቨርነን፦ ተኝቼ ነዋ!

ዶይል፦ አልፎ አልፎ ይነቁ ነበር። ሲነቁ ይሰድቡኛል። ያን ጊዜ ነው የምጽፈው።

ቨርነን፦ ለየትኛው ዘፋኝ ነው የሚሄዱት? ስሙን ንገረኝ፣ ባርኔጣው ስንት እንደሆነ ሳይቀር አውቃለሁ።

ዶይል፦ ለኔ ነው።

ቨርነን፦ ለማን?

ዶይል፦ ለኔ። እኔ ነኝ የምዘፍናቸው። ብቻዬን።

[ቨርነን ቀና ብሎ ይቀመጣል። ያየዋል። ከዚያ እንደገና ወድቆ ሶፋው እስኪንቋቋ ይስቃል።]

ቨርነን፦ ወይ ጉድ! ወይ ዘንድሮ! ዶይል ዘፋኝ! በዚህ ሆድ? በዚህ መላጣ? መድረክ ላይ ስትወጣ ሰዉ መብራት ሊጠግን የመጣ ነው ብሎ መንገድ ይለቅልሃል!

ዶይል፦ [እየጻፈ] «መብራት... ሊጠግን...»

ቨርነን፦ ተው አትጻፍ! ስማ፣ ድምፅህ የጎተራ በር ነው ብዬህ አልነበር? ዘይት ያልቀመሰ የጎተራ በር!

ዶይል፦ ብለውኛል። ማክሰኞ ነበር፣ ዝናብ ይዘንባል። ከዚያም «እስቲ ራስህ ዝፈነውና ጉድህን እንይ» አሉኝ። ምክርዎን ሰማሁ።

ቨርነን፦ ምክር? ስድብ ነበር እኮ!

ዶይል፦ እንደዚያ ነው? ደብተሬ ላይ ምክር ብዬ ነው የጻፍኩት።

ቨርነን፦ አየህ፣ ችግርህ ይሄ ነው።

ዶይል፦ ነገሩን ያመጣችው አንዲት ሳል ናት። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የአዲስ ዘፈን ናሙና የምዘፍነው እኔ ነኝ፤ ባለ ባርኔጣዎቹ ዘፋኞች የኔን ሰምተው ደግመው ይዘፍኑታል። ባለፈው ናሙናው መሃል ሳል ያዘኝ። አንደኛው ሳሏንም ሳይቀር አብሮ ዘፈናት። በትክክል፣ በቦታዋ።

ቨርነን፦ ከዘፈኑ ውስጥ ደህናዋ እሷ ነበረች።

ዶይል፦ ሚስ ራሞናም እንደሱ አለች። «ሳልህን እንኳ የሚቀዱልህ ከሆነ ለምን ራስህ አትዘፍንም?» አለችኝ።

ቨርነን፦ ስታላግጥብህ ነዋ! የቤቱ አለቃ እኮ ናት፤ ጠዋት አንድ ሰው ላይ ካላላገጠች ቀኑ አይነጋላትም። እና አምነህ ዘፈንክ?

ዶይል፦ ዘፈንኩ። ተቀረጸም።

ቨርነን፦ የት?

ዶይል፦ አጎቴ ጎተራ ውስጥ።

ቨርነን፦ [ዓይኑን እየጠረገ] በጎተራ! ማን አጀበህ? ዶሮዎቹ?

ዶይል፦ አክስቴ ቫዮሊን መታች። ሌሎች ስድስት ሰዎች ከከተማ መጡ።

ቨርነን፦ ድርቆሽ ሊገዙ መጥተው አንተን አገኙ። ማን ይሰማዋል ይሄን? ላሞቹ?

ዶይል፦ ላሞቹ እዚያው ስለነበሩ ሰምተዋል። አንዷ እንዲያውም አራተኛው ዘፈን ላይ ድምፅ ሰጥታለች። የድምፅ መሐንዲሱ «አትንኳት፣ ትቆይ» አለ።

ቨርነን፦ መሐንዲስ! የትራክተር መካኒኩን ነው? መቼ ነው የሚወጣው ይሄ ተአምር?

ዶይል፦ አርብ።

[ቨርነን ሊገምጠው የያዘውን ዶናት መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ያስቀምጣል።]

ቨርነን፦ አርብን ለምን አነሳህ?

ዶይል፦ አላነሳሁም፣ የሚወጣው አርብ ነው። አውቃለሁ ሚስተር ቨርነን። እስከ አርብ ስምዎ ያለበት ዘፈን ካልወጣ የዚህን ክፍል ቁልፍ ይመልሳሉ። ቤቱ ሁለተኛ አይፈልግዎትም። ለዚያ ነው ግራውን ይፈርሙ የምልዎት። አንዷን ብቻ እንኳ።

ቨርነን፦ አዘንክልኝ? አንተ ለኔ?

ዶይል፦ አዎ።

ቨርነን፦ እንኳን ላንተ እዝነት፣ ለራሞናም ቁልፍ ደንታ የለኝም! ስለ ጭነት መኪና የጻፍኩት ዘፈን ትልቅ ዘፋኝ ጋ ተይዞልኛል። «እኔ ሳልወስን ለማንም እንዳትሰጡ» ብሎ አስይዟል፣ ገባህ? ዛሬ ነገ ይቀርጸዋል።

ዶይል፦ አራት ዓመት ሆነው።

ቨርነን፦ ታላቅ ሰው አይቸኩልም።

ዶይል፦ አጎቴንም አንዲት ሴት «ላስብበት» ብላው አራት ዓመት ጠበቃት። ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ ነው መጠርጠር የጀመረው።

ቨርነን፦ ያንተ ዘር በሙሉ እንዲሁ ነው ማለት ነው። ስማኝ፤ ቤቱ የሚቆጥረው እውነተኛ ዘፋኝ በእውነተኛ ስቱዲዮ የቀረጸውን ነው። እኔ ያንተ የጎተራ ጫጫታ ላይ ስሜን ባስገባ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው!

ዶይል፦ ላሞቹ ውለዋል እኮ ሚስተር ቨርነን። ነገርኩዎት።

ቨርነን፦ [ራሱን ይዞ] ተረት ነው ያልኩት! ተረት! አምጣ እስቲ ግጥሙን፣ የምቃወመውን ልወቅ። [ደብተሩን ነጥቆ ጮክ ብሎ ያነባል]

«ድምፅህ የጎተራ በር ነው አለኝ፣ ዘይት ያልቀመሰ፤
በሩን ከፍቼ ብጠብቀው፣ እሱ መች ደረሰ።»

ማነው ይሄ ሰውዬ?

ዶይል፦ እሱማ...

ቨርነን፦ ዝም በል፣ ልጨርስ።

«ዶናቱን እሱ በላና ቀዳዳውን ሰጠኝ፤
በቀዳዳዋ ሳይ ሳይ ነው መንገዱ የታየኝ።»

አይ ዶይል! አይ ዶይል! ሠላሳ ዓመት ዘፈን ስጽፍ እንዲህ ያለ የማይታመን ሰው አላየሁም። የጓደኛውን ዶናት ጨርሶ ቀዳዳውን የሚሰጥ ሰው የት አለ? [የመጨረሻውን ዶናት ከካርቶኑ አንስቶ ይገምጣል] ሰው አንዴ ይኮፈሳል፣ ሁለቴ ይኮፈሳል፤ አስራ ሁለት ዘፈን ሙሉ ይኮፈሳል? አይደክመውም? አድማጭ የሚጠላው ሰው እንኳ ትንሽ እውነት ይፈልጋል።

ዶይል፦ እሱ ግን በእውነት አለ።

ቨርነን፦ የት ነው ያለው?

ዶይል፦ ሶፋው ላይ።

[ቨርነን ከጀርባው ሰው ያለ መስሎት ዞር ይላል። ሶፋውን ያያል። ዶናቱን ያያል። ቀስ ብሎ ማላመጡን ያቆማል።]

ቨርነን፦ እኔ?

ዶይል፦ ቃሉ በሙሉ የእርስዎ ነው። እኔ ቤት እንዲመታ ብቻ ነው ያደረግኩት። ቀኑም ተጽፏል፦ «ሐሙስ። ሚስተር ቨርነን፣ የአንተ ዘር ከበሮ ሲመታ ላም ትነጥፋለች አሉ።» ይቺ ዘጠነኛዋ ናት። የሰማት ሁሉ ይወዳታል።

ቨርነን፦ አንተ... አንተ እባብ! ደረቴ ላይ ያሳደግኩህ እባብ! እኔን ነው ያን ጉረኛ ያደረግከኝ? እኔ እንደዚህ ነኝ?

ዶይል፦ እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት። ግን ክፍሉ ውስጥ ነበሩ፣ ቃሉም የእርስዎ ነው፣ ሕጉም የእርስዎ ነው። እባክዎ ሚስተር ቨርነን። ሁለተኛ ለምኜዎታለሁ። ግራውን።

ቨርነን፦ ግራውን ብፈርም «አዎ፣ ያ ጉረኛ እኔ ነኝ» አልኩ ማለት አይደል? ከተማው ሁሉ ይሳቅብኝ? አምጣ ወረቀቱን!

ዶይል፦ [ወረቀቱን አጥብቆ ይዞ] ትንሽ ቢያስቡበት...

ቨርነን፦ ልቀቀው! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው! ልቀቅ!

ዶይል፦ ሦስተኛ ልለምንዎት። እርስዎ ባይሰድቡኝ እኔ ዛሬም የሰው ናሙና ዘፋኝ ነበርኩ። ከልቤ ነው የምለው። ስምዎ ከስሜ ጎን ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቨርነን፦ ስሜ ካንተ ስም ጎን? ድንቄም! [ወረቀቱን ነጥቆ ይፈርማል] ይኸው ቀኝ! ቀኝ! ቀኝ! አስራ ሁለቱንም። ከታች ደግሞ ልጨምርልህ፦ «በእነዚህ ዘፈኖች አንዲት ቃል የለችኝም፤ ነበረችው የሚል ቢኖር ሐሰት ነው። ቨርነን ፕሩዊት።» በቃህ?

ዶይል፦ [አዝኖ ወረቀቱን ያነሳል፤ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል] ብዙ ነው።

[የዶይል ስልክ ይጮሃል።]

ዶይል፦ አቤት ሚስ ራሞና። አዎ፣ ፈርመዋል... በቀኝ በኩል... ሁሉንም... ለመንኳቸው እንጂ፣ ሦስቴ... አይ፣ አልጠጡም፣ ዶናት ነው የበሉት... አዎ፣ ፎቶውን ልኬዋለሁ። እሺ። አርብ። [ይዘጋል]

ቨርነን፦ ራሞና ደግሞ የጎተራ ጫጫታህ ምኗ ነው?

ዶይል፦ እሷ ናት እኮ ያስቀረጸችው። ጎተራው ድረስ መጥታ በነጭ ቦት ጫማዋ እበት ረግጣ ነበር። ስድስቱን ሙዚቀኞችና መሐንዲሱን ያመጣችው እሷ ናት። እበቷንም አልተቆጣችም።

ቨርነን፦ [ቀስ ብሎ] ቤቱ ነው... ያስቀረጸው? የኛ ቤት?

ዶይል፦ አዎ። አንዱ ባለ ባርኔጣ «የጎተራ በር»ን ሰምቶ ስጡኝ ብሎ ነበር። ሚስ ራሞና «እሷን የሚዘፍናት ዶይል ብቻ ነው» አለችው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በሬዲዮ እየወጣች ነው። የወረቀቱ ነገር ዘግይቶ ነው ዛሬ ያጣደፉኝ።

ቨርነን፦ በሬዲዮ? እንዴት ነው ዜማዋ?

[ዶይል ጊታሩን አንስቶ በዚያ በሻካራ ድምፁ ያንጎራጉራል። ቨርነን ጠዋት ያንጎራጎራት ዜማ ናት። ቨርነን የተስተካከለ ፀጉሩን በሁለት እጁ ይይዛል።]

ቨርነን፦ ዘመን የጠገበ እንጨት...

ዶይል፦ ሻካራ፣ ግን እውነተኛ። አመሰግናለሁ ሚስተር ቨርነን። ያኔውኑ ልነግርዎት ብል መቶ ዓመት ብኖርም አላወጣትም አሉኝ።

ቨርነን፦ አምጣ ወረቀቱን!

ዶይል፦ ምን ሊያደርጉት?

ቨርነን፦ ልቅደደው፣ ልብላው፣ ምን አገባህ! አምጣ!

ዶይል፦ [ደረቱ ላይ ለጥፎ] እርስዎ ራስዎ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አላሉም? ደግሞስ ፎቶው ደርሷታል። «ከታች የጨመረውን ሳይ ከወንበሬ ወደቅኩ» ብላለች።

ቨርነን፦ እሄዳለሁ! ራሞና ጋ እሄዳለሁ! ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ እላታለሁ! ሶፋው ይመስክር እላታለሁ!

[በቁጣ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ሦስት እርምጃ እንደሄደ ይቆማል። ተመልሶ ደፉ አጠገብ ይደርሳል። ከውጭ በኩል መቃኑን ይደገፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ይላል።]

ቨርነን፦ ምን ብዬ ነው የምነግራት? በገዛ እጄ ፈርሜ... አስራ ዘጠኝ ዓመት ስሜን በሬዲዮ ልሰማ ጠበቅኩ። ስሜ መጥቶ በሬን ቢያንኳኳ፣ «የለም» ብዬ የመለስኩት እኔው ነኝ።

[የእርሳስ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቨርነን ቀና ይላል።]

ቨርነን፦ እየጻፍክ ነው?

ዶይል፦ [እንባውን በእጅጌው እየጠረገ] «የለም ብዬ... የመለስኩት... እኔው ነኝ።» አቤት ሚስተር ቨርነን! አቤት!

ቨርነን፦ የኔ ናት! እሷ የኔ ናት! በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ መስመር ወጥቶኝ አያውቅም! ዶይል! ሚስተር ዶይል! እባክዎ ስሜን ያስገቡልኝ! ለአርብ ትደርሳለች፣ አስራ ሦስተኛ አድርገው ይጨምሯት!

[ዶይል ቀስ ብሎ ከደብተሩ ላይ ቀና ይላል። ወደ ታች፣ ወደ ቨርነን እግር ያያል። ረጅም ጊዜ ያያል።]

ዶይል፦ ቡኒ ነው።

ቨርነን፦ ምኑ?

ዶይል፦ ጫማዎ። ከደፉ ወዲያ ነው ያለው።

[ቨርነን ወደ ታች ያያል። ፊቱ ይገረጣል። በሁለት እግሩ ዘሎ ክፍሉ ውስጥ ይገባል።]

ቨርነን፦ ይኸው! ገባሁ! ውስጥ ነኝ! ስማኝ፦ አስራ ዘጠኝ ዓመት ስሜን በሬዲዮ ልሰማ ጠበቅኩ፤ ስሜ መጥቶ በሬን ቢያንኳኳ...

ዶይል፦ [ደብተሩን እየዘጋ] ማሚቶ ነው፣ ሚስተር ቨርነን። «ጻፈው፣ ይጠቅምሃል» ብለውኝ አልነበር?